ለጠባብ ግቢ ቀጭን ዘንባባ

የሰኔ ዝናብ አንድ ሁለቴ ወርዶ መሬቱ ሲርስ የአዲስ አበባ ችግኝ ሻጮች ገበያ ይደራል። በወንዝ ዳር፣ በአስፋልት ጠርዝ፣ በአረንጓዴ መረብ ጥላ ሥር፣ ጥቁር ላስቲክ የለበሱ ችግኞች በመደዳ ቆመው ገዢ ይጠብቃሉ። ከመካከላቸው ቶሎ ዓይን የሚይዘው ዘንባባ ነው። በዕድሜ ጠና ያሉ አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ጉልበት የሚደርሱ ሁለት የዘንባባ ችግኞች ጎን ለጎን አስቀምጠው ያማርጣሉ። ሁለቱም ላባ መሳይ ቅጠል አላቸው፤ ሁለቱም ከቅጠላቸው ሥር እሾህ አብቅለዋል። የአንደኛው ቅጠል ጠንከር፣ ገተር ያለ ነው፤ የሌላው ለስለስ ብሎ ወደ ታች ዘንበል ይላል። ከዚህ ሌላ ልዩነት ላላወቀ ሰው በዓይን አይታይም።

«ልጄ፣ ከሁለቱ የቱ ይሻለኛል?»

«ሁለቱም አሪፍ ናቸው እማማ። ይኼኛው ግን ቶሎ ይሰፋልዎታል፤ ግቢ ያሞቃል።»

«የኔ ግቢ እኮ ጠባብ ናት። ከመኪና ማቆሚያው ጎን ሦስት ሜትር የማትሞላ አፈር ናት የተረፈችኝ።»

«ችግር የለውም። ካስቸገረዎት ከላይ ያስቆርጡታል።»

ሻጩ ልጅ ይህን ያለው ስለ ባሕር ዛፍ ቢሆን ትክክል ነበር፤ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ያቆጠቁጣል። የፈረንጅ ጽድም በየጊዜው እየተከረከመ አጥር ሆኖ ይኖራል። ዘንባባ ግን አናቱ ከተቆረጠ ይሞታል። ለዘንባባ የሚሆነው ልክ የሚወሰነው በመቀስ ሳይሆን ችግኙ በሚገዛበት ዕለት፣ በዝርያ ምርጫ ነው።

ሴትዮዋ ከያዟቸው ሁለቱ ገተር ያለው የካናሪ ዘንባባ ነው። የትውልድ ቦታው ከሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ማዶ ያሉት የካናሪ ደሴቶች ናቸው። አድጎ ሲያበቃ የግንዱ ውፍረት ከግማሽ ሜትር ያልፋል፣ እያንዳንዱ ቅጠል 5 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ቁመቱም 15 ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ዘንበል ያለው ደግሞ ከላኦስ፣ ከቬትናምና ከደቡብ ቻይና የመጣው ድንክ ዘንባባ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ፊኒክስ ሮቤሌኒ ይባላል። ይኼኛው አርጅቶ እንኳ 3 ሜትር ከደረሰ ብዙ ነው። ቅጠሉ ከአንድ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ሁለቱም ከተምር ጋር አንድ ወገን ናቸው፤ በሆሣዕና ዕለት ምእመናን ሰንጥቀው በጣታቸው የሚያስሩት፣ መስቀል አድርገው የሚጎነጉኑት የአገራችን ዘንባባም የዚሁ ወገን ነው። ዘመዳሞች ስለሆኑ በልጅነታቸው መመሳሰላቸው አያስገርምም።

ለምን አይከረከምም?

ዘንባባ ዛፍ ይባል እንጂ አሠራሩ ከወይራና ከዝግባ ይልቅ ከበቆሎና ከሣር ጋር ይቀራረባል። ወይራ ከቅርፊቱ ሥር በየዓመቱ አዲስ እንጨት የሚጨምር የሕዋስ ሽፋን አለው፤ ስለዚህ ከዓመት ዓመት ይወፍራል፣ ሲቆረጥም ከጎን ያቆጠቁጣል። ዘንባባ ይህ ሽፋን የለውም። ጥቂት ዝርያዎች ካልሆኑ በቀር ቅርንጫፍም አያወጣም። ግንዱ፣ ቅጠሉና አበባው ሁሉ የሚፈልቀው በአናቱ ላይ፣ በወጣት ቅጠሎች ተሸፍና ከተደበቀች አንዲት ለስላሳ እምቡጥ ነው። ይህቺ እምቡጥ በመጋዝ ከተቆረጠች፣ ውኃ ገብቷት ከበሰበሰች ወይም ውርጭ ከመታት ያ ግንድ አለቀለት። በላቲን አሜሪካ «የዘንባባ ልብ» እየተባለ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው ምግብ እሷው ናት፤ ልቡ የተወሰደበት ግንድም አይተርፍም።

ሌላም ባሕርይ አለ፤ የጠባብ ግቢ ባለቤት በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባው ይኸኛው ነው። የዘንባባ ችግኝ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደ ላይ አይወጣም። እመሬት ላይ ቁጭ ብሎ ግርጌውን ያወፍራል፣ ቅጠሎቹን ከፊተኞቹ እያስረዘመ ይዘረጋል። ሙሉ ውፍረቱን ካገኘ በኋላ ነው ቁመት የሚጀምረው። ስለዚህ የካናሪ ዘንባባ የመጨረሻ ስፋቱን የሚይዘው ከፍ ብሎ ከሰው ራስ ሳያልፍ፣ ገና ደረት ለደረት ሆኖ ሳለ ነው። ለሰፊ መናፈሻ ይህ ውበት ነው። ለጠባብ ግቢ ግን ብዙ ዓመት የሚቆይ ፈተና ነው፤ ምክንያቱም የቅጠሉ የታችኛው ክፍል ከጣት የሚረዝም፣ አጥንት ድረስ የሚወጋ እሾህ የታጠቀ ነው።

ሒሳቡን በአንድ ቦታ ላይ ማስላት ይቻላል። ወርዱ 10፣ ቁመቱ 16 ሜትር የሆነ ይዞታ 160 ካሬ ነው። ቤቱ፣ ሰርቪሱ፣ መኪና ማቆሚያውና የውኃ ታንከሩ ድርሻቸውን ሲወስዱ ለአትክልት የሚተርፈው ከግንቡ አጥር ሥር አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ቁራጭ መሬት ቢሆን ነው። የካናሪ ዘንባባ ቅጠሎች ግራና ቀኝ ሲዘረጉ 8 ሜትር ይሞላሉ። የይዞታው ወርድ ሊያልቅ የሚቀረው 2 ሜትር ነው ማለት ነው። በሩ፣ መስኮቱ፣ የጎረቤት ግንብ፣ ከምሰሶ ወደ ቤት የተሳበው የመብራት ሽቦ በዚያው ስፋት ውስጥ ይወድቃሉ። ያኔ መፍትሔው ባለመጋዝ ጠርቶ ከነግርጌው ማስነሳት ብቻ ይሆናል፤ የተቆረጠውን ግንድ በጠባብ በር አውጥቶ ማስጫን ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

ከመቁረጥ ክልከላው በከፊል የሚያመልጡ ዘንባባዎች አሉ። እነዚህ ከአንድ ሥር ብዙ ዘንግ እያወጡ በቁጥቋጦ መልክ የሚያድጉት ናቸው። ከመካከላቸው የረዘመውን ዘንግ ከመሬቱ እኩል ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ የተቆረጠው አይመለስም፣ ጎረቤቶቹ ግን ይቀጥላሉ፣ ከሥርም አዲስ ይተካል። ለከተማ ግቢ በእጅጉ የሚመከሩት ዝርያዎች ከእነዚህ መሆናቸው ለዚህ ነው።

የደጋ ጥላ ዘንባባዎች

አብዛኛው ሰው ዘንባባን ከበረሃና ከባሕር ዳርቻ ጋር ያያይዘዋል። በዓለም ላይ ከ2,500 በላይ የዘንባባ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ፀሐይ በቀጥታ አርፎባቸው አያውቅም። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ እርጥበት ባለው ደን ውስጥ፣ እንደ ጣት በቀጠነ ግንድ ላይ ጥቂት ቅጠል ይዘው የሚኖሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ጭጋግ በማይለየው ተራራ ላይ፣ ብርድ ልብስ በሚያሰኝ ሌሊት ያድጋሉ።

ይህ ለአዲስ አበባ ትልቅ ዜና ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። ቀኑ ለብ ያለ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ኮኮናት እንዲህ ባለ ቦታ አያፈራም። የሙቅ ቆላ ዘንባባ ቅጠሉ ይነቁጣል፣ ዕድገቱ ይጎተታል። የደጋ ደን ዘንባባ ግን አገሩ የገባ ያህል ይመቸዋል፤ የማይወደው ሙቀትም፣ የሚገድለው ከባድ ውርጭም በአብዛኛው የከተማዋ ክፍል የለም። ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚኖር ሰው ብቻ በጋ ላይ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ልብ ቢል ይበጀዋል።

ከደጋ ደን ዘንባባዎች ግንባር ቀደሙ ካሜዶሪያ የተባለው ወገን ነው። ከሜክሲኮ እስከ ደቡብ አሜሪካ የሚበቅሉ መቶ ገደማ ዝርያዎች አሉት። በጣም የሚታወቀው ካሜዶሪያ ኤሌጋንስ ነው፤ የሜክሲኮና የጓቴማላ ደኖች ተወላጅ ሲሆን አውሮፓውያን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሳሎናቸው ያሳድጉታል። ግንዱ አውራ ጣት ቢያህል ነው፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር አካባቢ ላይ ይቆማል። በፖት ሲሸጥ ቁጥቋጦ ይምሰል እንጂ አንድ ተክል አይደለም። ፖቱ ውስጥ አሥርና ከዚያ በላይ ችግኞች ተጠጋግተው ስለተተከሉ ነው። ይህን ያወቀ ገዢ አንዱን ፖት ቀስ ብሎ ከፋፍሎ ሦስት ቦታ ሊተክለው ይችላል።

ራሳቸው ቁጥቋጦ የሚሠሩት ወንድሞቹ ለአጥር ሥር ይበልጥ ይጠቅማሉ። ካሜዶሪያ ሳይፍሪዚ ከዩካታን ልሳነ ምድር የመጣ ነው፤ ዘንጎቹ ቀጥ ብለው ስለሚወጡ ብዙ አገር የቀርከሃ ዘንባባ ይሉታል። ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ የጎረቤትን መስኮት ይጋርዳል፣ ወደ ጎን ግን ብዙ አይነጠፍም። ካሜዶሪያ ኮስታሪካና ከዚህ ትንሽ ይረዝማል። ካሜዶሪያ ማይክሮስፓዲክስ ከምሥራቅ ሜክሲኮ ተራሮች የተገኘ ሲሆን ከዜሮ በታች ያለ ብርድ እንኳ ይችላል፤ ሴቴው ተክል ብርቱካናማ ፍሬ በዘለላ ያወጣል። ፍሬው ለዓይን እንጂ ለአፍ አይደለም፤ የብዙዎቹ ካሜዶሪያዎች ፍሬ ጭማቂ ቆዳን ያሳክካል፣ ሕፃናት ባሉበት ቤት ከመብሰሉ በፊት መቁረጥ ነው።

ቅርብ ሆኖ ላየው የካሜዶሪያ ግንድ ራሱ ጌጥ ነው። አረንጓዴ ነው፣ ለስላሳ ነው፤ የረገፉ ቅጠሎች የተዉት ጠባሳ ነጣ ያለ ቀለበት ሆኖ ከታች እስከ ላይ ይዞረዋል። ከታችኞቹ ቀለበቶች ላይ እንደ ክብሪት አናት የመሰሉ ጉብታዎች ይወጣሉ። እነዚህ አየር ላይ የቀሩ ሥሮች ናቸው፣ እርጥበት እስኪያገኙ ይጠብቃሉ። በዚህ ምክንያት ካሜዶሪያ አብዛኞቹ ሌሎች ዘንባባዎች የሌላቸው ዕድል አለው። ተክሉ ረዝሞ ታችኛው ግንዱ ራቁቱን ሲቀር፣ ጉብታዎቹ ባሉበት ላይ እርጥብ የኮኮናት ገለባ ወይም የዛፍ ሽበት ይጠቀለልና በላስቲክ ይታሰራል። እንዳይደርቅ እየተጠበቀ ጥቂት ወራት ሲቆይ ሥሮቹ ጥቅሉን ይሞሉታል። ያኔ ከጥቅሉ በታች ተቆርጦ ከነሥሩ እንደገና ይተከላል፤ ተክሉ ሳይሞት አጠረ ማለት ነው። የካናሪ ዘንባባ ባለቤት እንዲህ ያለ ዘዴ የለውም።

የዚህ ወገን ቅጠል ለብዙ ቤተሰብ እንጀራም ነው። በሰሜናዊ ጓቴማላ፣ በፔቴን ደን፣ ሻቴ የሚባሉትን የካሜዶሪያ ቅጠሎች ከደን እየለቀሙ ለአበባ ነጋዴዎች የሚያቀርቡ ሰዎች አሉ። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ ለሳምንታት ሳይጠወልግ ስለሚቆይ ወደ ሰሜን አሜሪካ ይላካል፤ ከሚፈለግባቸው ቀናት አንዱ የሆሣዕና ሰሞን ነው። እዚህ በደጀ ሰላም የሚሸጠው የአገራችን ዘንባባና እዚያ በአብያተ ክርስቲያናት የሚያዘው የካሜዶሪያ ቅጠል በወገን የተራራቁ ቢሆኑም ለአንድ በዓል ይውላሉ።

ከካሜዶሪያ ቀጥሎ ለጥላ ቦታ ተመራጩ ራፒስ ኤክሴልሳ ነው። ቅጠሉ እንደ ካሜዶሪያ ላባ መሳይ አይደለም፤ እጅ ሲዘረጋ ጣቶች እንደሚለያዩት የተከፋፈለ ነው። ዘንጉ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ይወፍራል፤ ቡናማ ጭረት ይለብሳል። የደቡብ ቻይናና የሰሜን ቬትናም ዘር ነው ተብሎ ይታመናል። ጃፓኖች ከኤዶ ዘመን ጀምሮ በፖት ሲያሳድጉት ኖረዋል፤ ነጭ መሥመር ያላቸውን ብርቅ ዓይነቶች ስም እያወጡላቸው ይሰበስባሉ። ዕድገቱ አዝጋሚ ነው፣ ስለዚህም ዋጋው ይወደዳል። ግን በሁለት ግንብ መካከል፣ ፀሐይ በማይገባበት ኮሪደር፣ ሌላ ተክል በማይቀመጥበት ቦታ የሚቆም ይህን ያህል ታጋሽ ዘንባባ ማግኘት ይከብዳል። የገንዘብ አቅም ያለው ሰው አንድ ብቻ ይግዛ ከተባለ ራፒስን ቢገዛ አይቆጭም።

ኬንቲያ የሚባለው ደግሞ ቀጭን ነው እንጂ ትንሽ አይደለም። በዓለም ላይ የሚበቅለው በተፈጥሮ በአንዲት ቦታ ብቻ ነው፤ ከአውስትራሊያ በስተምሥራቅ በውቅያኖስ መካከል ባለችው ጥቂት መቶ ነዋሪዎች ባሏት የሎርድ ሃው ደሴት። ደሴቲቱ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ዘሩን ወደ ውጭ ስትሸጥ ኖራለች። ልከኛ አየር ይወዳል፣ ጥላ ይችላል፣ ቅጠሉ ሰፋ ብሎ በዝግታ ይንጠለጠላል። ውጭ ከተተከለ በመጨረሻ ከ10 ሜትር ይበልጣል፤ ግን ለዚያ አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል፤ ያኔም ቢሆን ግንዱ ከ15 ሳንቲ ሜትር ብዙ አይወፍርም። ቤቱን ለልጅ ልጅ የሚያስብ ሰው ይትከለው።

ፀሐይ በቀጥታ ለሚመታው ማዕዘን ሦስት አማራጭ አለ። አንደኛው ያ ድንክ ዘንባባ፣ ሮቤሌኒ፣ ነው። ከመተላለፊያው ቢያንስ አንድ ሜትር ራቅ ተደርጎ ከተተከለ እሾሁ ማንንም አያገኝም፤ ቅጠሉን የሚያጸዳው ሰው ግን ወፍራም ጓንት ያድርግ። ሁለተኛው ከሜክሲኮ ቺያፓስ የመጣው ካሜዶሪያ ፕሉሞዛ ነው፤ ከወንድሞቹ ተለይቶ ፀሐይን ይቋቋማል፣ እሾህም የለውም። ሦስተኛው የሜዲትራኒያን ዘንባባ፣ ካሜሮፕስ ሁሚሊስ ነው። ውኃ ቢረሳ ይታገሣል፣ የቅጠሉ እጀታ ግን እሾሃማ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሜትር ላይ ይቆማል ቢባልም በኢጣሊያ ፓዱዋ ከተማ የዕፀዋት ማዕከል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1585 የተተከለው ዛሬም በሕይወት አለ፤ ቁመቱም ወደ 10 ሜትር ደርሷል። ጀርመናዊው ገጣሚ ጎተ እ.ኤ.አ. በ1786 አይቶት ስለ ዕፀዋት ቅርፅ ለጻፈው መጽሐፍ መነሻ አድርጎታል። አራት መቶ ዓመት ለሚጠብቅ ሰው ብቻ የሚያሰጋ ቁመት ነው።

ዓይን የሚያታልሉት

አሬካ ተብሎ የሚሸጠው ቢጫማ ዘንግ ያለው ዘንባባ በየሆቴሉና በየቢሮው መግቢያ ይታያል። የማዳጋስካር ተወላጅ ነው፤ በሞቃት አገር ውጭ ከተተከለ ከ6 ሜትር ያልፋል። ቁጥቋጦ ስለሚሠራ ሊገራ ይችላል፤ ችግሩ ብርዱ ነው። በአዲስ አበባ ከቤት ውስጥ፣ ከመስኮት አጠገብ ይመቸዋል። ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ያለ ሰው ግን በድፍረት ውጭ ይትከለው።

ዋሽንግቶኒያ በልጅነቱ ግሩም ነው፣ ቶሎ ያድጋል፣ ግንዱም ከካናሪው ይቀጥናል። ቁመቱ ግን 25 ሜትር ይደርሳል፤ የደረቀ ቅጠሉ ሳይረግፍ ግንዱ ላይ እንደ ቀሚስ ይንጠለጠላል። ያንን ለማውረድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሚወጣበት ዓይነት መሰላል ያስፈልጋል። የባሕር ዳርን ሰፋፊ ጎዳናዎች ያስዋቡት ረጃጅም ዘንባባዎች ያማሩት ሰማዩና መንገዱ ሰፊ ስለሆነላቸው ነው፤ ያንን ውበት ወደ 160 ካሬ ማምጣት አይቻልም።

ሳይከስ ብዙ ሰው ዘንባባ ብሎ ይገዛዋል፤ ዘንባባ አይደለም። ከአበባ ዕፀዋት በፊት ከነበረ እጅግ ጥንታዊ ዘር የመጣ ነው። ዝግ ብሎ ስለሚያድግ ለጠባብ ቦታ ልኩ ተስማሚ ነው። ሆኖም ሁለመናው፣ ከሁሉ በላይ ፍሬው፣ መርዝ አለበት፤ ውሻ ቢያኝከው ጉበቱ ተጎድቶ ሊሞት ይችላል። ውሻ በሌለበት ግቢ ተተክሎ ፍሬው ከልጆች ቢርቅ ይበቃዋል።

የአገራችን ዘንባባስ? ፊኒክስ ሬክሊናታ በወንዝ ዳር በቡድን የሚበቅል፣ 10 ሜትር የሚደርስ፣ እሾህ ያለው ዘንባባ ነው። ለሆሣዕና ቅጠል ከራስ ግቢ መቁረጥ ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ አንዳንዶችም ተሳክቶላቸዋል። ቡቃያውን ከሥሩ ገና ሳለ እያነሱ አንድ ወይም ሁለት ግንድ ብቻ ካስቀሩለት በመካከለኛ ግቢ ይኖራል። በሦስት ሜትር አፈር ላይ ግን አያስተኛም፤ ቦታው ሰፊው ቅጥረ ቤተ ክርስቲያንና የወንዝ ዳር ነው።

ፀሐይ፣ አፈር፣ ውኃ

ዝርያው ከተመረጠ በኋላ የሚቀረው ቦታ መምረጥ ነው፤ እዚህ ላይ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ መሆኗ ይቆጠራል። ሰማዩ ጥርት ባለበት በበጋ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ትዞራለች። ስለዚህ የቤቱ ሰሜን ግድግዳ ሥር ቅጠል በሚያቃጥለው ወቅት ጥላ ይሆናል። ፀሐይ ወደ ሰሜን በምታልፍባቸው ወራት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የክረምት ደመና ይከልላታል። ለካሜዶሪያና ለራፒስ የሚሆነው ይህ ሰሜናዊ ጎን ነው፤ ቀጥሎ ጠዋት ብቻ ፀሐይ የሚያገኘው ምሥራቁ። በዚህ ከፍታ የቀትር ፀሐይ ኃይለኛ ናት፤ የጥላ ዘንባባ በምዕራብ ግንብ ሥር ከተተከለ ቅጠሉ ይነጣል፣ ቀጥሎም ቡናማ ይሆናል።

አፈሩ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። በቦሌና በአቃቂ አቅጣጫ የሚበዛው ጥቁር መረሬ በክረምት ውኃ ያቁራል፤ ዘንባባ ደግሞ ሥሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም ይበሰብሳል። ቦታውን ለመፈተን ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ውኃ ሞልቶ፣ በማግሥቱ ማየት ነው። ውኃው ከቆመ አፈሩን በአሸዋና በብስባሽ እያላሉ ከመታገል ይልቅ በብሎኬት ወይም በድንጋይ ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ እሱ ላይ መትከል ይቀላል። ሲተከል ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ ከመሬቱ እኩል ይሁን። «እንዲጠብቅ» ተብሎ ግንዱን መቅበር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሥሩ አየር አጥቶ፣ ተክሉ ለዓመታት እየመነመነ ይሄዳል።

ብዙ ባለቤቶች የዘንባባ ሥር ግንብ ይሰነጥቃል ብለው ይፈራሉ። የዘንባባ ሥሮች እንደ ሾላና እንደ ፋይከስ አይወፍሩም፤ ብዙ ናቸው፣ ቀጫጭን ናቸው፣ ከግርጌው እየወጡ በዙሪያው ይዘረጋሉ። ቀጫጭኖቹ ዝርያዎች ከግንብ ግማሽ ሜትር ርቀው ቢተከሉ መሠረቱን አይነኩም። ሴራሚክ የሚያነሳው የትልልቆቹ ግርጌ እየሰፋ ሲመጣ ነው።

ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ወዲያው መቁረጥ ሌላው ልማድ ነው። ዘንባባ ፖታሲየም ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል እየሳበ ለአዲሱ ይሰጣል። ያ ቢጫ ቅጠል ለተክሉ ስንቅ ነው፤ ሲቆረጥበት ተክሉ ከሚቀጥለው አረንጓዴ ቅጠል መሳብ ይጀምራል፣ ቢጫነቱም ወደ ላይ ይወጣል። ሙሉ በሙሉ ቡናማ ሆኖ እስኪደርቅ መጠበቅና የበሰለ ፍግ ወይም ፖታሲየምና ማግኒዥየም ያለበት ማዳበሪያ መስጠት ይሻላል። አናቱ ላይ ሦስት አራት ቅጠል ብቻ አስቀርቶ መመልመልማ ተክሉን ማስራብ ነው።

ከአዲስ አበባ ውጭ የሚኖሩ አንባቢዎች ስሌቱ ይለወጥባቸዋል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ክረምቱ ካሜዶሪያን ውጭ አያሳድርም፤ እዚያ ከብርድ ሁሉ የሚተርፈው የአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ተወላጅ የሆነው መርፌ ዘንባባ ነው። ቁመቱ ከሁለት ሜትር ብዙ አያልፍም፣ ከዜሮ በታች ወደ 20 ዲግሪ የሚጠጋ ብርድ ይችላል። ከነፋስ የተከለለ ጥግ ያለው ሰው የቻይናውን ትራኪካርፐስ ይሞክራል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሮቤሌኒ ከግንብ ጥላ ሥር በየግቢው ይታያል። በእስራኤልና በደቡብ አውሮፓ ግን የካናሪ ዘንባባን ላለመትከል ሌላ ምክንያት ተጨምሯል፤ ቀይ የዘንባባ ነቀዝ የተባለው ተባይ እጩ ግንዱን ውስጥ ለውስጥ እየበላ በሺዎች የሚቆጠሩትን ጨርሷል።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ ከላይ ከተጠቀሱት ዝርያዎች ሁሉም በየችግኝ ጣቢያው አይገኙም። መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም። ካሜዶሪያ ወንዴና ሴቴው የተለያዩ ተክሎች ናቸው፤ ሁለቱም ያሉት ሰው በቤቱ ዘር ማምረት ይችላል። ወንዴው አበባ ሲከፈት ዘለላውን ደረቅ ወረቀት ላይ ማራገፍ፣ የወረደውን ብናኝ በለስላሳ ብሩሽ ሴቴው አበባ ላይ መቀባት ነው። ከወራት በኋላ ፍሬው ይጠቁራል ወይም እንደ ዝርያው ብርቱካናማ ይሆናል። ጓንት አድርጎ ሥጋውን አጥቦ ማውለቅ፣ ዘሩን ሳይደርቅ እርጥብ አሸዋና ብስባሽ በተቀላቀለበት ላስቲክ ውስጥ መዝራት፣ ላስቲኩን ሙቀት ያለበት ጥላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ለመብቀል ከሁለት ወር እስከ ግማሽ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ አንዳንዱ ዘር ከዚያም ይዘገያል፤ ስለዚህ ላስቲኩ ከመጣሉ በፊት አፈሩ ተገልጦ ዘሩ ጠንካራ መሆኑ ይታይ።